ስምና ትውልድ በወለጋ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይሁን እንጂ መልአክ ያወጣውን ስም ጸሐፊ በመዝገብ ሲያሰፍረው፣ የባለ ስሙን ትውልድ ስሙ ብቻውን አይነግረውም። በፖላንድ አገር ኮቫልስኪ የተባለ ሰው ቢገኝ፣ ስሙ ኮቫል ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን ትርጓሜውም ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። በዚያው አገር ከሁሉ ይልቅ የበዛው ስም ኖቫክ ሲሆን አዲስ መጥ ማለት ነው። እነዚህ ስሞች ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፉ ለብዙ ዘመን ይኖራሉ። በእኛ ዘንድ ግን ሰው በራሱና በአባቱ ስም ስለሚጠራ፣ የአያቱ ስም ከልጅ ልጁ አጠራር ይወጣል።

የነቀምት ገዥዎች ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በከሬ ጎዳና ሞሮዳን ወለደ፤ ሞሮዳም ኩምሳን ወለደ። ሞሮዳ በ1882 (ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ለንጉሥ ምኒልክ በሰላም ገባ። ልጁ ኩምሳ ክርስትና ሲነሣ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ የእርሱም ልጅ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ሆነ። እንግዲህ ኩምሳ ሞሮዳና ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር በሁለት መዝገብ ተጽፈው ቢገኙ፣ ነገሩን የማያውቅ አንባቢ አባትና ልጅ መሆናቸውን ከወዴት ያውቃል?

ከቤተ ሰብ ስም ጋር የሚቀራረበው የጎሣ ስም ነው። ሌቃ የሚለው ስም በነቀምትም በቄለምም ይሰማል፤ ሌቃ ነቀምት የሞሮዳ፣ ሌቃ ቄለም የደጃዝማች ጆቴ ቱሉ አገር ነበሩ። ነገር ግን ይህ ስም በሰው ስም ላይ አይጨመርም፤ የሚጠበቀው ትውልድን በሚቈጥሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ነው።

ሽማግሌውም ከሌለ የሚጠፋውን የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ ያሳየናል። ይህ ሰው በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወልዶ ሂካ ተብሎ ነበር። በልጅነቱ ተሰርቆ ተሸጠ፤ ነሲብ የሚለውንም ስም የሰጡት ገዢዎቹ ናቸው። በ1870 በምጥዋ ነጻ ወጣ፤ በ1872 በስዊድን ሚሲዮን ዘንድ ሲጠመቅ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት በሚገኘው ባሪያ ስም ኦነሲሞስ ተባለ። ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1899 አሳተመ፤ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ በነቀምት አስተማረ፤ በ1931ም በዚያው ዐረፈ። አባቱ አዋጂ ይባል ነበር። ነገር ግን በመጽሐፉ ላይ የቀረው የአባቱ ስም ሳይሆን የባርነቱ ስም ነው። ደግሞም ሂካ በኦሮምኛ ከመተርጐም ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ እናትና አባት ያወጡለት ስም ተሰርቆበት ሳለ፣ ሥራው ግን ያንኑ ስም አጸናለት።

በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን እንደ ቀድሞው በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ስሙ በተለወጠ ጊዜ የቀድሞውን አለመጻፍ ነው። ስለዚህ በጽሕፈት ቤት ያለን ሁሉ የአያትን ስምና የክርስትናን ስም ከዓለም ስም ጋር አብረን እንጻፍ፤ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ትውልዳቸውን ከአያቶቻቸው ጠይቀው እንዲጽፉ ያድርጉ። ሽማግሌው ካለፈ በኋላ መዝገቡ ብቻ ይቀራልና፤ መዝገቡ የዘነጋውን ማን ያስታውሰዋል?