ቀዳ፣ ገለበጠ፣ ቀየረ

በወልድያና በመርሳ ሙዚቃ ቤቶች ደጃፍ «እንጭናለን»፣ «እንቀዳለን» የሚሉ ጽሑፎች ብርቅ አይደሉም። ስለ ኮምፒውተር የሚያወራ ማስታወቂያ ነው፤ ሁለቱ ግሦች ግን ኮምፒውተር ከመታሰቡ ብዙ ዘመን ቀድመው የኖሩ ናቸው። አንዱ ከአጋሰስ ጀርባ፣ ሌላው ከምንጭ አፍ የመጣ ነው።

ቀዳን እናስቀድም። ግእዙ «ቀድሐ» ነው፤ ውሃ ጨለፈ፣ ቀዳ ማለት ነው። በዐረብኛ መጠጫ ጽዋ «ቀደሕ» መባሉም ከዚሁ ሥር ነው። አማርኛ «ሐ»ን ውጦ «ቀዳ» አለ። መጀመሪያ ውሃው ከምንጭ፣ ጠላው ከጋን ተቀዳ፤ ቀጥሎ ጸሐፊው ከአንዱ ብራና ወደ ሌላው መጽሐፍ ቀዳ። ካሴት ሲመጣ ደግሞ መዝሙሩም መንዙማውም ተቀዳ። በግሡ ውስጥ ያለው ስሜት አልተለወጠም፤ የተቀዳለት ይሞላል፣ ምንጩም አይጎድልበትም። ውሃ ላይ ይህ ሙሉ በሙሉ እውነት ባይሆንም ካሴት ላይ እውነት ነው።

«ወለደ» «ወላጅ»፣ «ወሰደ» «ወሳጅ» እንደሚሆነው ሁሉ የቀዳም «ደ» ወደ «ጀ» ዞሮ «ቅጂ»ን አስገኘ። ሕጉም በዚሁ ስም ይጠራል፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996። ፊልም ያለ ፈቃድ ቀድቶ የሚሸጠውና እሱን የሚያስከስሰው አዋጅ ከአንድ ምንጭ ጠጥተዋል ማለት ነው።

«ጫነ» የግእዙ «ጸዐነ» ነው፤ ትግርኛ «ጸዓነ» ብሎ እንደ ጥንቱ ይዞታል። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሀብሩን ከተማ መርሳን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ የአካባቢው ሰው ጫኝና አውራጅ ማን እንደሆነ አስረጂ አያሻውም። ዛሬ ከኢንተርኔት «የሚያወርደው»፣ ሚሞሪ ላይ «የሚጭነው» ወጣትም በቃሉ ያው ጫኝና አውራጅ ነው፤ ጀርባው አይጎብጥም እንጂ። «አወረደ» በዚህ ፍቺው ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የገባ ቢሆንም ግሡ ራሱ የቤት ልጅ ነው። ዕብራይስጡ «ያረድ» ይላል፤ ዐረብኛው «ወረደ» ሲል በተለይ ወደ ውሃ መጠጫ መድረስን ያመለክታል። ሳይታሰብ ወደ ውሃ የሚወርድና ውሃ የሚቀዳ ሰው አንድ ሱቅ ውስጥ ተገናኙ።

«ገለበጠ» ከጆንያ ወደ ጆንያ እህል የሚያዞረው ግሥ ነው። ጽሕፈት ቤት ገብቶ በደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» ሆነ፤ አሁን ፋይል ይገለበጥበታል። ደንበኛውን ለኪሳራ የሚዳርገውም ይኸው ቃል ነው። ሰውዬው ከዩቲዩብ የወረደ የሰርግ ቪዲዮ ወይም ፊልም በፍላሽ ይዞ ይመጣና «ዲስክ ላይ ገልብጥልኝ» ይላል። የሱቁ ልጅም እንደተባለው ይገለብጥለታል። ቤት ሲደርስ የዲቪዲ ዴኩ አላነብም ይላል።

እዚህች «አላነብም» ላይ ቆም ማለት ደስ ይለኛል። በግእዝ «ነበበ» ተናገረ ማለት ነው፤ «አንበበ» ከዚያ ወጥቶ ጽሑፍን በድምፅ ማሰማት ሆነ። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ንባብ ማለት ጮክ ብሎ ማንበብ የሆነውም ለዚህ ነው። ዴኩ አላነበበም ስንል እንግዲህ ዲስኩን አላናገረውም ማለታችን ነው፤ ከዚህ የተሻለ ገለጻ የትም አላገኝም።

ለምን አላናገረውም? የወረደው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ኤምፒፎር ነው፤ ምስሉ የታመቀበት ዘዴም ኤች 264። ተራ ዲቪዲ ዴክ የሚያውቀው ግን ኤምፔግ 2ን ነው፤ በእኛ አገር በሚሠራበት በፓል ሥርዓት 720 በ576 ነጥብ፣ በሰከንድ 25 ምስል። የቀድሞው ቪሲዲ ደግሞ ኤምፔግ 1 ሆኖ 352 በ288 ብቻ ነበር፤ አንዱ ዲስክ ከ80 ደቂቃ በላይ ስለማይዝ ነው የአማርኛ ፊልም «ሲዲ 1»፣ «ሲዲ 2» እየተባለ ይሸጥ የነበረው። መገልበጥ ፋይሉን እንዳለ ያሻግረዋል፤ ውስጡን አይነካም።

ውስጡን የሚነካው ግሥ «ቀየረ» ነው። ከዐረብኛው «ገየረ» የመጣ ሲሆን፣ ግእዝ በዚያ ቦታ «ወለጠ» ነበረው፤ አማርኛ ፊደሉን አዟዙሮ «ለወጠ» ብሎታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢኖሩም ጎማና ዘይት የሚቀየር በመሆኑ የማሽን ነገር ወደ «ቀየረ» አደላ። ስለዚህ «ኮንቨርት አድርግልኝ» ማለት አያስፈልገንም ባይ ነኝ፤ «ወደ ዲቪዲ ቀይርልኝ» ምን ጎደለው?

ባዕድ ሆነው የገቡት የዕቃዎቹ ስሞችም ታሪክ አላቸው። «ዴክ» ከሆላንዶች የመርከብ ክዳን ተነሥቶ፣ በእንግሊዝኛ በኩል የቴፕ ስም ሆኖ ወደ እኛ መጣ። «ዲስክ» የግሪኮች የውርወራ ሳህን «ዲስኮስ» ነው። ከዚሁ ቃል በላቲን በኩል እንግሊዝኛ ሳህንን «ዲሽ» አለ፤ ጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽም እሱ ነው። በ2008 የተጀመረው ቃና ቴሌቪዥን በዚሁ ዲሽ በኩል የውጭ ድራማ በአማርኛ እየተናገረ ሲመጣ የዲስክ ገበያ ይበልጥ ቀዘቀዘ። ዲስክን ገበያ ካሳጡት አንዱ የገዛ ወንድሙ ነው።

ቢሆንም የሰርግ ዲስክና የቆየ ዴክ ገና በየቤቱ አለ። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ «ቅዳልኝ» ወይም «ገልብጥልኝ» አትበሉ፤ «ቀይርልኝ» በሉ። ዴካችሁ ፊት ላይ ዲቪኤክስ የሚል ምልክት ካለ ኤቪአይ ፋይልም ሊያነብላችሁ ይችላልና እሱን አስቀድማችሁ ንገሩ። 4.7 ጊጋባይት የሚይዘው ዲቪዲ በጥሩ ጥራት የሚበቃው ለሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ሰርጉ ከዚያ ከረዘመ ሁለት ዲስክ አሠሩ።