ቭራንገል ያላያት የቭራንገል ደሴት

ከሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ ዳርቻ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአርክቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የቭራንገል ደሴት ትገኛለች። የሩሲያ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፈርዲናንድ ፎን ቭራንገል ግን ደሴቷን በዓይኑ አላያትም። ከ1820 እስከ 1824 እ.ኤ.አ. በመራው ጉዞ ውሾች በሚጎትቱት ሸርተቴ በባሕሩ በረዶ ላይ እየሄደ ፈለጋት፤ በረዶው እየሳሳና እየተሰነጠቀ መለሰው። መኖሯን የነገሩት የአገሩ ሰዎች፣ ቹክቺዎች ናቸው። ሰማዩ በጠራ የበጋ ቀን ከባሕሩ ዳር ገደል ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ያየ ሰው፣ በረዶ የለበሱ ተራሮች እንደሚታዩት አስረዱት። ቭራንገልም ቃላቸውን አልናቀም። በካርታው ላይ፣ እርሱ ባልደረሰበት ባዶ ባሕር ውስጥ፣ ያካን ከሚባለው የሳይቤሪያ ዳርቻ በበጋ ወራት ተራሮች እንደሚታዩ ጽፎ አስቀመጠ። እኔ የዚህችን ምድር መገኘት የምቆጥረው ከዚህ ምስክርነት ነው።

የተለመደው ታሪክ ክብሩን ለሌላ ይሰጣል። የብሪታንያ የባሕር ኃይል መኮንን ሄንሪ ኬሌት በ1849 ከሩቅ ምድር ማየቱን ተናገረ፤ በ1867 አሜሪካዊው የዓሣ ነባሪ አዳኝ ቶማስ ሎንግ በደቡባዊ ዳርቻዋ አጠገብ አልፎ፣ የቀደመውን ሰው ድካም ለማክበር ቭራንገል ብሎ ሰየማት። ስያሜው የቅን ሰው ሥራ ነው፤ ግን ተራሮቹን ያዩት ሰዎች በስሙ ውስጥ የሉም።

ከሩቅ የታየ ምድር ሁሉ እውነት አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ያኮቭ ሳኒኮቭ በ1811 አየሁት ያለው ምድር፣ ብዙዎች ቢደክሙለትም፣ ጭራሽ አልተገኘም። የቹክቺዎቹ ነገር ግን የአንድ መንገደኛ የአንድ ቀን እይታ አልነበረም። በዚያው ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ያወቁት ነገር ነው። የደሴቷ ከፍተኛ ተራራ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል፤ በበረዶ ላይ የተኛ ቀዝቃዛ አየርም ብርሃንን አጥፎ ሩቅ ምድርን ከአድማስ በላይ ያነሣል። ማግኘት ማለት በካርታ ላይ ማስፈር ነው ለሚልም፣ ምስክርነታቸው ሎንግ ከመድረሱ ብዙ ዓመት ቀድሞ በካርታ ላይ ሰፍሯል። በ1975 ደግሞ አርኪዮሎጂስቶች ከ3,000 ዓመት በፊት በደሴቷ ላይ ያደኑ ሰዎችን የድንጋይ መሣሪያ አገኙ። ቹክቺዎች ደሴቷን ኡምኪሊር ይሏታል፤ የነጭ ድቦች ደሴት ማለት ነው። ድቦቹም ዛሬ ድረስ በተራሮቿ በረዶ ውስጥ ጉድጓድ እየማሱ ይወልዱባታል።