ፎቶ ላይ ያልወጣው ፉርጎ

የድሮውን የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር በፎቶ የሚፈልግ ሰው ድልድይ አያጣም፣ ንጉሥና መኳንንትም አያጣም። ጭነት ግን እንደ ልብ አያገኝም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ተወልጄ፣ አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ሲሠራ አድጌ፣ ካሜራ ከያዝኩ ጀምሮ ያንን መስመር ሳነሳ የኖርኩ ነኝና ነገሩ ያንገበግበኛል። ባቡሩ የተሠራው ለጭነት ነው፤ እኛን ድሬዎችን ያበላን ጭነት ነው።

ድልድዩ የበዛበት ምክንያት አለው። መስመሩ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ወደ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ሲገባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን ቁፋሮው ከጅቡቲ በ1890 ተጀመረ። ገና ከጠረፉ ብዙ ሳይርቁ ሆል ሆል ላይ ሸለቆ ገጠማቸው፤ ያንን ለመሻገር ረጅም የብረት ድልድይ ማቆም ግድ ሆነ። የኩባንያው ገንዘብ የሚሰበሰበው ከአውሮፓ ባለ አክሲዮኖች ነበር። በገደል ላይ የቆመ ብረት ደግሞ ገንዘባቸው የት እንደገባ ከማንኛውም ደብዳቤ በላይ ያሳያቸዋል፤ ፖስታ ካርዱ ሁሉ ድልድይ በድልድይ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

የዚያ ዘመን የመስታወት ፕሌት ቀርፋፋ ስለሆነ ባቡሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ቆሞ ነው። እኔ ዘንድ ያለች አንዲት ፖስታ ካርድ አለች። ሎኮሞቲቩ ድልድዩ መሃል ቆሟል፣ ኮፍያ ያደረጉ ነጮች ከጎኑ ተደርድረዋል። ከሥር፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ግመል ይዞ ቆሟል። ሰውየው ፍንክች ስላላለ እጁ ላይ ያለው በትር እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ግመሉ ግን አንገቱን በማዞሩ ራሱ ጉም ሆኗል። ከታች በፈረንሳይኛ የድልድዩ ስምና ኪሎ ሜትሩ ተጽፏል። ስለ ሰውየው አንዲት ቃል የለም። የገባው ድልድዩ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለማሳየት ነው።

መስመሩን ተራራ ነው ያዘዘው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ለመግባት ነበር፤ ሽቅብ መውጣቱ የሚጠይቀው ወጪ ስላስፈራ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ አለፈ። በ1895 ታኅሣሥ ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፣ በኋላ ድሬዳዋ። ከዚያ ገንዘብ ጠፋ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ዛሬ ለገሃር የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ኅዳር ነው። በዚያም ፎቶ አለ፤ እንደገና መኳንንት።

ሥራዬን ያስተካከለልኝ አንድ ሰፈራችን የሚኖር ጡረተኛ የባቡር ነጂ ነው። ዜኒት ካሜራዬን አንገቴ ላይ ሲያይ፣ «አቦ፣ ሲወርድማ ማንም ያነሳዋል፤ ዳገት ላይ ጠብቀው! ሲከብደው ነው የምታየው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከአዋሽ በኋላ መስመሩ በመተሐራ፣ በወለንጪቲ፣ በናዝሬት አድርጎ ደጋ እስኪገባ ድረስ ይወጣል፤ ጭነት የያዘ ባቡር እዚያ ላይ ፍጥነቱ ስለሚወርድ ፉርጎ በፉርጎ ለማየት ጊዜ ይሰጥ ነበር። ያኔ ነው አገሩን ማንበብ የጀመርኩት። ወደ ላይ የሚወጣው ነዳጅ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት ነበር። ወደ ታች የሚሄደው ቡና፣ ቆዳና ሌጦ፣ የቁም ከብት ነበር። አንድ ኩርባ ላይ ጠዋትና ማታ ቆሞ ሁለቱንም ያነሳ ሰው የምንገዛውንና የምንሸጠውን ጎን ለጎን ያገኘዋል። ስለዚህ ሽማግሌውን አክብሬ ዳገቱን ባነሳም ቁልቁለቱንም አልተውኩም።

ሕዝብ ማመላለሻውም ቢሆን ያለ ጭነት አይታሰብም ነበር። ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ ከእንጨቱ አግዳሚ ሥር ጆንያ፣ ከጆንያው ላይ ሕፃን፣ ከሕፃኑ አጠገብ ዶሮ። ኤረር ጣቢያ ላይ ሴቶች ብርቱካን በሳህን ከፍ አድርገው በመስኮት ያቀብሉ ነበር። ገንዘቡና ፍሬው እኩል እጅ ካልቀየሩ ባቡሩ ይነሳልና የሴትዮዋ አንድ እጅ ሳህኑ ላይ፣ ሌላው ተዘርግቶ ነው የሚታየው። ከራሴ ፎቶዎች ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

በደርግ ጊዜ ድልድይ አጠገብ ካሜራ ይዞ መታየት ራሱ ያስጠረጥር ነበር። በ1969 በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ስለተቋረጠ ወታደሩ ቢፈራ አይገርምም። ግን ባቡሩ አገር ሲመግብ ከኖረባቸው ዓመታት በእጃችን የቀረው ፎቶ ትንሽ የሆነው በዚህም ጭምር ነው፤ ያለውም በየቤቱ አልበም ውስጥ፣ ሠርገኛ ፉርጎ ደጃፍ ላይ ሲቆም የተነሳው ነው። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ሲገባ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ያ ኩርባ ላይ ካሜራ አውጥቼ አላውቅም፣ አላወጣምም።

መተሐራ ሌላ ጉድ ነው። የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ በጥቁሩ የፈንታሌ ተራራ ቅልጥ ድንጋይ መካከል ወዳለው ሐዲድ ተጠጋ፤ መስመሩንም ከፍ ማድረግ አስፈለገ። ውኃ ዳር ዳሩን ከቦት የሚያልፍ የጭነት ባቡር ያነሳሁት እዚያ ነው።

አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን ካቆመ ቆይቷል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ በመስከረም 2009 ተመረቀ። ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ያሉ ስለሆኑ የብርቱካን ሳህን ወደ መስኮት የሚያነሳ የለም፤ ኮንቴይነር የጫነው ባቡር ግን ዳገቱን ሲወጣ ዛሬም ለማንሳት ያስመኛል። እያነሳሁትም ነው። ጣቢያ ላይ ያገኘኋቸውን ጫኝና አውራጅ፣ የሐዲድ ጠባቂና ነጂ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አነሳቸዋለሁ፤ ፎቶውን ሳሳትም ከጀርባው ቦታውንና ቀኑን ብቻ ሳይሆን ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከየት እንደመጡና ፉርጎው የጫነውን እጽፋለሁ። ከዚራ ያሉ አሮጌ አልበሞችን ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦችንም መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከሎኮሞቲቩ ጎን የቆመው ማን ነበር?