የሞተር ሳይክል ሞላና ሾክን ለነጂው ክብደት ማስማማት (ሐዋሳ)

የሞተር ሳይክልን ሞላና ሾክ ለነጂው ክብደት ማስማማት ማለት ፋብሪካው ለአንድ ግምታዊ ሰው አስቦ የገጠመውን ሞላ፣ የሾክ ዘይትና የሞላ ማጥበቂያ፣ ሞተሩ ላይ በእርግጥ ለሚወጣው ሰውና ጭነት እንዲሆን መለካት፣ ማስተካከል፣ ካስፈለገም መቀየር ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ሥራ የሚነሣው በአብዛኛው ከባድ ነጂ ለስላሳ ሞላ ላይ ሲቀመጥ ነው። በሐዋሳ ግን ችግሩ ሁለት መልክ አለው። ጠዋት 55 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ለጭነት ተብሎ በተሠራ ጠንካራ ሞላ ላይ ብቻውን ይንገጫገጫል፤ ከሰዓት በኋላ ያው ወጣት አንድ ሰው አፈናጦ፣ ግማሽ ኩንታል ጭኖ በዚያው ሞተር ይመለሳል።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ወለል የተዘረጋች የሲዳማ ክልል መዲና ናት። የታቦር ተራራን ትተን ካየናት ሜዳ ከተማ ናት። ሰፋፊ ቀጥ ያሉ አስፋልቶቿ ለነጂ ምቹ ናቸው፤ የሞላን ጉድለት ግን ይሸሽጋሉ። ጉድለቱ የሚጋለጠው የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ላይ፣ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ፣ ከዚያም ከአስፋልት ተወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲገባ ነው። በከተማዋ ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ይበዛል። ባለሁለት እግሩ ሞተር ደግሞ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ባለሙያው፣ የነጋዴውና የዕቃ አድራሹ የሥራ መሣሪያ ነው። የሕንዶቹ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ፣ የቻይና ሥሪቶች፣ በመሥሪያ ቤቶች ግቢ ደግሞ ያማሃ በኢትዮጵያ መንገዶች የተለመዱ ናቸው።

በዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው የሞላና የዘይት ድርሻ ሲምታታ ነው። ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ የሞላውን ዝላይ ያረግባል እንጂ ማንንም አይሸከምም። በዘይት የሚረግብ የፊት ሾክ በፋብሪካ ምርት ላይ የታየው በ1935 እ.ኤ.አ. በጀርመኑ ቢኤምደብሊው አር 12 ነው። ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ የሚሄደው ርካሽ ሞተር የፊት ሾክ አሠራርም በመሠረቱ ከዚያ አልራቀም። ከባድ ሰው ሲቀመጥ ፊቱ የሚሰምጥበትን ሞተር በወፍራም ዘይት ለማዳን መሞከር ትርፉ ሌላ ችግር ነው፤ ሞተሩ መስመጡን አይተውም፣ ከሰመጠ በኋላ ግን ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ተከታታይ ጉድጓድ ሲያገኝ ደግሞ ሳይነሣ በላዩ ላይ ሌላ ምት ይቀበላል።

ሥራው በልኬት ይጀምራል። የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ማርከርና ሁለት ረዳት ብቻ ነው። ሞተሩ በመሀል ማቆሚያው ቆሞ የኋላ ጎማው ከመሬት ሲነሣ፣ ከጎማው መሀል ቡሎን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ኮርቻው ሥር እስከተደረገ ምልክት ያለው ርቀት ይለካል። ቀጥሎ ሞተሩ ያለ ሰው በሁለት ጎማው መሬት ላይ ይቆምና ያው ርቀት እንደገና ይወሰዳል። በሦስተኛው ልኬት ነጂው ሄልሜቱንና የሥራ ቦርሳውን እንደያዘ፣ ሁለት እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ አንዱ ረዳት መሪውን ይይዝለታል፣ ሌላው ያነብባል። ከማንበቡ በፊት ኮርቻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭኖ መልቀቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሾኩ ፍትጊያ ቁጥሩን ያሳስታል። ከመጀመሪያው ልኬት ላይ ሦስተኛው ሲቀነስ ነጂው ሞተሩን ምን ያህል እንዳሰመጠው ይታወቃል። ለመንገድ ሞተር የተለመደው መነሻ ጎማው ሊንቀሳቀስ ከሚችለው ርቀት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ የኋላ ጎማው 100 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ከሆነ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። በአብዛኛው ሰው አፈናጦ የሚሠራ፣ ልኬቱን ሰው አፈናጦ ቢወስድ ይሻላል።

ቁጥሩ ከዚህ ከራቀ ቀላሉ መፍትሔ የኋላ ሾክ ሥር ያለው ባለደረጃ ቀለበት ነው። በሕንድ ሥሪቶች ላይ ብዙ ጊዜ አምስት ደረጃ አለው፤ የሚዞረውም ለዚሁ በተሠራ ባለመንጠቆ ቁልፍ ነው። በካቻቢቴና በመዶሻ እየመቱ ማዞር የቀለበቱን ጥርስ ይበላዋል፤ በኋላ ደረጃው አልይዝ ብሎ ሲንሸራተት ጥፋቱ የፋብሪካው ይመስላል። ግራና ቀኙ አንድ ደረጃ ላይ መሆን አለባቸው።

ይህ ቀለበት ግን ሞላውን ጠንካራ አያደርገውም። ብዙ ነጂ፣ አንዳንድ መካኒክም ጭምር፣ «አጠበቅሁት» ሲል ሞላው የጠነከረ ይመስለዋል። የሆነው ሌላ ነው፤ ሞላው ከመጀመሪያው ተጨምቆ ስለተቀመጠ ሞተሩ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ የሚሰምጠው መጠን ግን ያው ነው። ሞላው ራሱ ለሰውየው ይሁን አይሁን የሚለየው በሁለተኛው ልኬት ነው። ነጂው ሲቀመጥ 30 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተስተካክሎ፣ ሞተሩ ያለ ሰው ሲቆም ምንም የማይሰምጥ ከሆነ ሞላው ለስላሳ ነው፤ በግድ ተጨምቆ ነው የቆመው። በተቃራኒው ሞተሩ በራሱ ክብደት ብቻ ብዙ ሰምጦ ነጂው ሲጨመር እምብዛም ካልወረደ፣ ሞላው ለዚያ ሰው ጠንካራ ነው።

በዚህ ጊዜ መቀየር ይመጣል። የሞላ ጥንካሬ በሽቦው ውፍረት፣ በጥምጥሙ ስፋትና ብዛት ይወሰናል። ውፍረቱ ከሚታሰበው በላይ ያመጣል፤ ጥምጥሙና ስፋቱ ሳይለወጥ 6 ሚሊ ሜትር የነበረው ሽቦ 7 ቢሆን ጥንካሬው ወደ 1.85 እጥፍ ይደርሳል። ከአሥር የሚሠሩ ጥምጥሞች ሁለቱ ቢቆረጡም ሞላው በሩብ ይጠነክራል። ሞላ ቆርጦ መግጠም የሚያጓጓው ለዚህ ነው፤ አይመከርም። የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ ደልዳላ አይሆንም፣ ሞላውም ስላጠረ ጥምጥሞቹ ቶሎ ይነካካሉ። የሌላ ሞዴል ሾክ ለመግጠም ያሰበ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለውን ርዝመት አስቀድሞ ይለካ። የረዘመ ሾክ የኋላውን አንሥቶ መሪውን ችኩል ያደርገዋል፣ የካቴናውንም ልክ ይለውጣል፤ ያጠረው ደግሞ ጎማውን ከጭቃ መከላከያው ጋር ያጋጨዋል። ክብደቱ በየሰዓቱ ለሚለዋወጥ ነጂ ሲጨመቅ እየጠነከረ የሚሄድ ሞላ የተሻለ ነው። ባጃጅ በአንዳንድ ሞዴሎቹ የኋላ ሾክ ላይ አንዱን ሞላ በሌላው ውስጥ ያስቀመጠው ቀላሉም ከባዱም ጭነት እንዲቻል ነው።

የፊት ሾክ በትናንሾቹ ሞተሮች ላይ ማስተካከያ የለውም። ከሞላው ራስ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝም የብረት ቱቦ፣ ቶርኖ ቤት አስቆርጦ መጨመር የተለመደ ዘዴ ነው፤ ሥራውም ከኋላው ቀለበት አይለይም፣ ከፍታ ይሰጣል እንጂ አያጠነክርም። ፍሬን ሲያዝ እስከ መጨረሻው ለሚሰምጥ ሾክ የዘይቱን ከፍታ በጥቂቱ መጨመር ይረዳል፤ ከዘይቱ በላይ የታመቀው አየር ራሱ እንደ ሞላ ሆኖ መጨረሻው ላይ ይገፋልና። ከልክ ካለፈ ግን ግፊቱ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎሚኒ ያፈነዳል።

ሐዋሳ ላይ ጎሚኒ የሚበላ ሌላም ነገር አለ። ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አካባቢውን ቀላል አመድና ፈረፈር ድንጋይ አልብሶታል። በበጋ ይህ ደቃቅ አቧራ የሾኩ ዘንግ ላይ ከቀጭኑ የዘይት ሽፋን ጋር ተለውሶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ዘንጉን በየዕለቱ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ምንም ወጪ የለውም።

የሞላ ለውጥ የመብራቱንም አቅጣጫ ይለውጣል። የኋላው ሲሰምጥ ፊቱ ይነሣና መብራቱ በሻሸመኔ መንገድ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል። ስለዚህ ማስተካከያው ሲያልቅ መብራቱ፣ የካቴናው ልቀትና የጎማው ንፋስ አብረው ይታያሉ። እንዲያውም ንፋሱ ከሁሉ በፊት ቢታይ ይመረጣል፤ ያለልክ የተነፋ ጎማ ደህናውን ሞላ ደረቅ ያስመስለዋል። ዘንጉ ላይ ዘይት የወረደ ሾክ ደግሞ ልኬቱ ምንም ያህል ቢያምር መጀመሪያ ይጠገን፤ በሚያፈስ ሾክ ላይ አዲስ ሞላ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።