ዴዝመንድ ቱቱ፦ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ክርስቲያኖች አጋር

የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝመንድ ቱቱ ይበልጥ የሚታወቁት አፓርታይድን በመታገላቸው ነው፤ እ.አ.አ. በ1984 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉትም በዚሁ ነው። በዲሴምበር 2021 በ90 ዓመታቸው ሲያርፉ ግን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እኩልነትን የሚጠይቁ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ክርስቲያኖችም ታላቅ አጋር አጥተዋል።

ቱቱ ሰው ባልመረጠው ማንነቱ ሊቀጣ አይገባም ብለው ያምኑ ነበር። የቆዳ ቀለምንም ጾታዊ ዝንባሌንም የመዘኑት በዚህ ሚዛን ነው። በ1996 ስለ እነዚህ ምዕመናን ለታተመ መጽሐፍ በጻፉት መቅድም፣ ሰዎች የእግዚአብሔር ልጅነታቸውን እንዲጠራጠሩ ማድረግን እግዚአብሔርን ከመሳደብ ቆጥረውታል። በ2013 የተባበሩት መንግሥታት የእኩልነት ዘመቻ በኬፕታውን ሲጀመር ደግሞ፣ እነርሱን የሚጠላ መንግሥተ ሰማያት ቢኖር እንደማይገቡበት ተናግረዋል።

አገራቸው ከአፓርታይድ በኋላ በሕገ መንግሥቷ በጾታዊ ዝንባሌ ምክንያት የሚደረግ መድልዎን በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። ቤተ ክርስቲያናቸው ግን እስከዚያ አልተከተለቻቸውም። ቄስ የነበሩት ልጃቸው ምፖ ሴት በማግባታቸው በ2016 የአገልግሎት ፈቃዳቸውን መልሰዋል።

በቀጠናችን ሕጉ ከዚህ የጠበቀ ነው። ቱቱ በ2007 ስለ ዳርፉር ሰላም ካርቱምን ሲጎበኙ፣ በወንዶች መካከል የሚፈጸም ወሲብ በሱዳን እስከ ሞት ያስቀጣ ነበር። በ2020 የሞትና የግርፋት ቅጣቱ ቢነሣም እስራቱ አልቀረም። በኢትዮጵያም የተመሳሳይ ጾታ ወሲብ በወንጀል ያስቀጣል።