ጉልበትና ሩጫ የማይለያዩ መሆናቸውን ታሪክ እንደሚያስረዳን

የሰው ሰውነት ለሁለት ዓይነት ሥራ የተዘጋጀ ነው። አንደኛው መሸከም፥ መጎተት፥ መግፋትና ማንሣት ሲሆን፥ ሁለተኛው ረጅም መንገድ ሳይደክሙ መሄድና መሮጥ ነው። የፊተኛውን ጉልበት፥ የኋለኛውን ትንፋሽ ብለን እንጠራቸዋለን። በተማሪዎች ዘንድ ግን እነዚህ ሁለቱ እንደ ተጣሉ ጎረቤታሞች ተለያይተው ይታያሉ። በአንድ ወገን ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተው በብረት ዘንግ እያያያዙ ክብደት የሚያነሡ ጓደኞቻችን አሉ፤ እነርሱም ሩጫ ሥጋ ያከሳል ብለው ይሸሹታል። በሌላው ወገን በማለዳ ተነሥተው በአስፋልቱ ዳር የሚሮጡ አሉ፤ እነርሱ ደግሞ ክብደት ማንሣት ሯጭን ያከብዳል፥ ጅማቱንም ያስራል ይላሉ። ከሁለቱ ማን እውነት እንዳለው ለመፍረድ ክርክር ብቻ ስለማይበቃ፥ ያለፈውን ታሪክ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረውም ይህንኑ ነው።

ከቅርባችን እንጀምር። የአዊ ምድር የፈረስ አገር መሆኑን የማያውቅ የለም። በ1932 ዓ. ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፥ በዐድዋ ጦርነት የዘመቱትን አርበኞችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ያስታውሳል። ያን ጊዜ ፈረሱ ተሸልሞ ሲጋልብ፥ ጉግስ ሲጫወቱበት ስናይ ሩጫውን እናደንቃለን። ነገር ግን ያው ፈረስ የሚሮጥ ብቻ አይደለም። በአገራችን ፈረስ እህል ይጫናል፤ ጋሪ ይጎትታል፤ በአንዳንድ ቀበሌም ቀንበር ተጭኖበት ያርሳል። በበዓል ቀን የምናደንቀው ሩጫ በሥራ ቀን በተገነባ ጫንቃና ባት ላይ የቆመ ነው። አባቶቻችንም «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። ከዚህ ተረት የምንረዳው ሩጫ ወደ ስፍራው የሚያደርስ መሆኑን፥ ከደረሱ በኋላ ያለውን ሥራ የሚፈጽም ግን ጉልበት መሆኑን ነው።

አሁን ከፈረሱ ወደ ሰው እንሻገር። የአገራችንን ሯጮች ታሪክ በዓለም ፊት የከፈቱት ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ. ም. በሸዋ፥ ጃቶ በሚባል መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው ከብት ይጠብቁ ነበር፤ የገና ጨዋታም ይጫወቱ ነበር። ገናን የተጫወተ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ሩሯን ተከትሎ ሰፊውን መስክ ማቋረጥ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ሩሯን በዱላ መምታትና በትከሻ መገፋፋት ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። ጨዋታው ሁለቱን አይለይም። አበበ ጐልምሰው የክብር ዘበኛ ወታደር በሆኑ ጊዜ፥ ስዊድን አገር የሰለጠኑትን አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንን አገኙ። ኒስካነን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ሲሆን፥ ሥራቸውም የክብር ዘበኛን ዕጩ መኰንኖች ሰውነት ማሠልጠን ነበር።

እዚህ ላይ ስዊድን በዚህ ትምህርት የቆየ ታሪክ ያላት አገር መሆኗን ማስታወስ ይገባል። ፐር ሄንሪክ ሊንግ የተባሉ ሰው በ1813 በስቶክሆልም ከተማ የጅምናስቲክ ተቋም መሥርተው፥ ክንድን፥ ጀርባን፥ ሆድንና እግርን በሥርዓት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ማስተማር ጀምረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ጎስታ ሆልመር የተባሉ ሌላ ስዊድናዊ በ1930ዎቹ ውስጥ «ፋርትሌክ» የሚባለውን፥ በጫካና በኮረብታ አንዴ ፈጠን አንዴ ረገብ እያሉ የመሮጥ ዘዴ አስፋፉ። ኒስካነን ወደ አገራችን የመጡት ጅምናስቲኩም ሩጫውም ከዳበረበት ከዚህ አገር ነው።

ከዚህ በኋላ የ1952 ዓ. ም. የሮም ኦሊምፒክ ደረሰ። በዚያች አንዲት ከተማ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሦስት አገር ሰዎች ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስ ሰጡ።

የመጀመሪያው መልስ ከኒውዚላንድ መጣ። አርተር ሊዲያርድ የተባሉት አሠልጣኝ ተማሪዎቻቸውን በሳምንት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ያስሮጡ ነበር። ብረት ማንሣትን አይወዱም ነበር፤ ነገር ግን ሯጮቻቸው ዳገት ላይ ጉልበታቸውን ከፍ እያደረጉ እንዲዘሉ ያዙ ነበር። ስለዚህ ብረቱን ቢተዉትም ጉልበቱን አልተዉትም። ነሐሴ 27 ቀን 1952 ዓ. ም. ከተማሪዎቻቸው አንዱ ፒተር ስኔል 800 ሜትር፥ ሌላው መሬይ ሃልበርግ 5,000 ሜትር አሸነፉ። ሃልበርግ በራግቢ ጨዋታ በደረሰባቸው ጉዳት ግራ ክንዳቸው የሰነፈ ሰው ነበሩ።

ሁለተኛው መልስ ከአውስትራሊያ መጣ። ፐርሲ ሰሩቲ የተባሉት አሠልጣኝ ከሊዲያርድ በተቃራኒ ሯጭ ከባድ ክብደት ማንሣት አለበት የሚል አሳብ ነበራቸው፤ በባሕር ዳር ባለው የአሸዋ ክምር ላይም ሽቅብ ያስሮጡ ነበር። ተማሪያቸው ኸርብ ኤሊዮት ጳጉሜን 1 ቀን 1952 ዓ. ም. 1,500 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ35.6 ሴኮንድ ሮጠው በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፉ። ብረት ሯጭን ያከብዳል የሚለው አባባል በዚያን ቀን ታላቅ ምስክር ተነሣበት።

ሦስተኛው መልስ የእኛው ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ. ም. ማታ፥ አበበ ቢቂላ በባዶ እግራቸው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ፈጽመው በቈስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገቡ። ሁለተኛ የወጡት የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ሲሆኑ፥ ሦስተኛው የሊዲያርድ ተማሪ ባሪ ማጊ ነበሩ። የአበበ ጉልበት በከብት ጥበቃ፥ በገና ጨዋታ፥ በወታደር ቤት ሥልጠናና በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው ዳገት የተሠራ ነበር። እነዚህ ሦስት ወገኖች በዘዴ ይለያያሉ፤ አንዱ ዳገትን፥ አንዱ ብረትን፥ አንዱ የወታደርና የገበሬ ሕይወትን መርጧል። ጉልበትን ጨርሶ ችላ ያለ ግን ከመካከላቸው አናገኝም።

ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ የሆነው ነገር ይህን ይበልጥ ያብራራል። ሻምበል አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 40 ቀን ሳይሞላ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ. ም. ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ጨረሱ። ሁለተኛው ሰው የገቡት ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር። በዚያ ባዶ ጊዜ አበበ አልወደቁም፥ ደጋፊም አልጠየቁም፤ በስታዲየሙ ሣር ላይ ሆነው እጅና እግራቸውን እየዘረጉና እያጠፉ ጅምናስቲክ ሠሩ። ተመልካቹ ሁሉ ተደነቀ። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ትርኢት ያወሩታል፤ እኛ ግን እንደ ትምህርት እንወስደዋለን። 42 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰውነት ከዚያ በኋላ ለመታጠፍና ለመዘርጋት አቅም ካተረፈ፥ ያ ሰውነት በእግር ብቻ የተሠራ አልነበረም።

የአበበ ቢቂላ ታሪክ በዚህ አላበቃም። በመጋቢት ወር 1961 ዓ. ም. በደረሰባቸው የመኪና አደጋ እግራቸው ሽባ ሆነ፤ እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከሙ። ሩጫ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ሁሉ በዚያ ባለቀ ነበር። እርሳቸው ግን በ1962 ዓ. ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ውርወራ ተወዳደሩ፤ በ1963 ዓ. ም. ደግሞ በኖርዌይ በውሾች በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ውድድር ተካፍለው አንደኛ ወጡ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ. ም. ከዚህ ዓለም እስኪለዩ ድረስ፥ እግር ቢከዳቸው ክንዳቸው አልከዳቸውም። ለአንድ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሯጮቻችንም ይህንኑ መስክረዋል። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ. ም. በሞስኮ 5,000ውንና 10,000ውን ሜትር ያሸነፉት በመጨረሻው ዙር በሚያወጡት ድንገተኛ ፍጥነት ነው፤ «ማርሽ ቀያሪው» የተባሉትም ስለዚህ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ. ም. በሲድኒ የኬንያውን ፖል ቴርጋትን የቀደሙት 25 ዙር ከተሮጠ በኋላ በ9 መቶኛ ሴኮንድ ብቻ ነበር። እስከ መጨረሻው ዙር የሚያደርሰው ትንፋሽ ነው፤ በዚያች ቅጽበት መሬቱን ገፍቶ ሰውነትን ወደ ፊት የሚወረውረው ግን የባትና የጭን ጉልበት ነው።

ሳይንስም ታሪክን አልተቃወመም። ሯጭ እግሩን በጣለ ቁጥር ከክብደቱ ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል ከመሬት ይቀበላል። ጡንቻና ጅማት ጠንካራ ሲሆኑ ይህን ኃይል እንደ ሞላ ተቀብለው መልሰው ይወረውሩታል፤ ሲደክሙ ግን ሸክሙ በጉልበት መገጣጠሚያና በአጥንት ላይ ይወድቃል። በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ፓቮላይነን የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በፊንላንድ ሯጮች ላይ ለ9 ሳምንት ምርመራ አደረጉ። የሥልጠናው ጠቅላላ መጠን ሳይጨመር፥ ሲሶው ያህል በዝላይ፥ በአጭር ፈጣን ሩጫና በፍጥነት በሚነሣ ቀላል ክብደት ተተካ። የሯጮቹ ሳንባና ልብ የሚያደርሰው ከፍተኛ የኦክሲጅን መጠን አልጨመረም፤ የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው ግን ተሻሻለ። ትርጉሙም ያንኑ ትንፋሽ በተሻለ ቍጠባ መጠቀም ቻሉ ማለት ነው።

ነገር ግን ሚዛን ያስፈልጋል። ሮበርት ሂክሰን የተባሉ አሜሪካዊ በ1980 ባወጡት ጥናት፥ ለ10 ሳምንት በየሳምንቱ ብዙ ቀን ከባድ ክብደትንም ከባድ ሩጫንም አብረው የሠሩት ሰዎች እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ ጉልበታቸው እያደገ ሄዶ ከዚያ በኋላ እንደ ቆመ፥ ወደ መጨረሻውም እንደ ቀነሰ አሳይተዋል። ትንፋሻቸው ግን አልተጎዳም። ስለዚህ ብረት የሚያነሡት ጓደኞቻችን ፍርሃት ጨርሶ ከንቱ አይደለም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያለ ልክ ማብዛት የጡንቻን ዕድገት ይገታል። ሯጮቹ ግን የሚፈሩት ነገር የለም።

ይህ ነገር ለእኛ ለምን ያስፈልጋል? አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ወላጆቻችን ማረሻ እየጨበጡ፥ እንጨትና ውሃ እየተሸከሙ፥ ገበያ በእግር እየሄዱ ጉልበትንና ትንፋሽን ሳያስቡት አንድ ላይ ይዘው ኖረዋል። በተለይም እናቶቻችንና እኅቶቻችን እንስራ አዝለው የወጡት ዳገት ከማንኛውም የክብደት ሥራ አያንስም። እኛ ግን ለትምህርት ወደ ከተማ ገብተን ቤት ከተከራየን ወዲህ፥ ከደብተርና ከወንበር ጋር ውለን እናድራለን። ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት የምንሄድበት መንገድ እንኳ ብዙ ጊዜ በመኪና ሆኗል። ከአባቶቻችን የወረስነው ጤና በእጃችን ሳለ እያለቀ ነው ማለት ነው። ያለ ዕቅድ የመጣውን ሀብት አሁን በዕቅድ ካልጠበቅነው፥ የተማረ ነገር ግን የደከመ ትውልድ እንሆናለን።

ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ፥ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፥ በሳምንትም ቢያንስ ሦስት ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲጨምሩ ይመክራል፤ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጉልበት ሥራ ያዛል። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር፥ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሚገኙ፥ ቀጭኑ አየር ራሱ የሳንባና የደም አሠልጣኛችን ነው። ሦስት ቀን በዝግታ እንሩጥ፤ በመካከሉ ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ቀናት ፑሽ አፕ፥ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፥ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን መሳብና አጭር ዳገት በፍጥነት መውጣት እንሥራ። ክብደት የሚያነሣ ሰው ከቀላል ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምር፤ ከባድ ሩጫና ከባድ ክብደትን በአንድ ቀን አያጣምር፤ ከሥራው በኋላም በቂ እንቅልፍ ይተኛ።

ወላጆችንና መምህራንን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ለፈተና ዝግጅት ሲባል የመጀመሪያው ተቀናሽ እንዳይሆን፤ ኳስ ለወንዶች ብቻ ተሰጥቶ ሴቶች በሜዳው ዳር ተመልካች ሆነው እንዳይቀሩ። ጓደኞቻችን ሆይ፥ ሲሚንቶ የሞላውን ጣሳ የምታነሡ ነገ ማለዳ ከሯጮቹ ጋር ውጡ፤ ሯጮችም ከሩጫው መልስ ጣሳውን አንሡ። ሁለታችሁም የያዛችሁት የአንድ ሰውነት ግማሽ ነውና ተለዋወጡት።