ሞግዚትነት በኢትዮጵያ ሕግ

በኢትዮጵያ ወላጅ አልባ ልጅና በአእምሮ ሕመም ንብረቱን ማስተዳደር ያልቻለ ሰው ለረጅም ዘመን በዘመድ እጅ ኖረዋል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጥበቃውን ሥራ ለሁለት ከፈለው፦ አሳዳሪ የልጁን አስተዳደግና ጤና ይከታተላል፤ ሞግዚት ንብረቱን ያስተዳድራል፣ በሕግ ፊትም ይወክለዋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻቸው ጸንቶ ሳለ ሁለቱንም ሥልጣን ለአባትና ለእናት በጋራ ሰጠ። በአእምሮ ሕመም ምክንያት ራሳቸውንና ንብረታቸውን እንዳያስተዳድሩ በፍርድ የተከለከሉ አዋቂዎች ጉዳይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሥር ቀረ፤ ፍርድ ቤት ሲከለክላቸው ሞግዚቱ በስማቸው ይወስናል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ሰውየው ራሱ እንዲወስን ድጋፍ እንዲደረግለት ይጠይቃል።